የኩልፎ ወንዝ የእግር ጉዞ ዕቅድ

ሀ. ከንባብ በፊት

ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ የሚገኘው ወንዝ ከየት ይነሣል? ወዴትስ ይፈስሳል?
2. አንድ ሙሉ ቀን ለሚፈጅ የእግር ጉዞ ከመነሣታችሁ በፊት ምን ምን ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋችኋል?
3. «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ማለት ይመስላችኋል?

ለ. ምንባብ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የአርባ ምንጭ ከተማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከጋሞ ደጋ ግርጌ የተቆረቆረች ናት። ከከተማዋ ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተዘርግተው ይታዩታል። በሰሜን በኩል ያለው አባያ ሲሆን፣ በስፋቱ በኢትዮጵያ ከጣና ቀጥሎ የሚገኝ ነው፤ ከሚሸከመው ደለል የተነሣ ውኃው ቀላ ያለ ቡናማ መልክ አለው። በደቡብ በኩል ያለው ጫሞ ደግሞ ከአባያ ያነሰና ከእርሱ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ መልኩ ወደ ሰማያዊነት ያዘነብላል። ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው ኮረብታማ የምድር ወገብ «የእግዜር ድልድይ» ተብሎ ይጠራል።

የኩልፎ ወንዝ ከከተማዋ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ይነሣል። ከገደላማው ተዳፋት እየተንደረደረ ወርዶ በአርባ ምንጭ አጠገብ ካለፈ በኋላ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ እየተጠማዘዘ ይጓዝና ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። የዚህ ደን አበቃቀል ተመራማሪዎችን የሚስብ ነው። በዙሪያው ያለው ቆላ ግራርና ቁጥቋጦ የሚበዛበት ደረቅ ምድር ሆኖ ሳለ፣ ከወንዙና ከምንጮቹ አካባቢ ግን ግንዳቸው በብዙ ሰዎች ክንድ የሚታቀፍ ትልልቅ ሾላዎች ሰማይ ጠቀስ ሆነው ቆመዋል። ለዚህ ልምላሜ ዋናው ምክንያት በስፍራው የሚወርደው ዝናብ አይደለም። በደጋው ላይ የዘነበው ውኃ ወደ መሬት ውስጥ ሠርጎ፣ ከተራራው ግርጌ ብዙ ምንጮች ሆኖ ይፈልቃል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከእነዚህ ምንጮች ነው። ውኃው ከምድር ገጽ ብዙ ሳይርቅ ስለሚገኝ የዛፎቹ ሥር በበጋም ይደርስበታል። በዚህም የተነሣ ደኑ «የከርሰ ምድር ውኃ ደን» ይባላል። በውስጡም ጉሬዛ፣ ጦጣ፣ ዝንጀሮና ልዩ ልዩ አዕዋፍ ይኖራሉ። ደኑ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውና 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አንዱ ክፍል ነው።

በከተማዋ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሚማሩ የጂኦግራፊ ክበብ አባላት ይህን ወንዝ በደኑ ውስጥ ተከትለው በእግር ለመጓዝ ወሰኑ። አባላቱ 24 ነበሩ። የክበቡ ሊቀ መንበር ዕቅዱን በአንድ ገጽ ጽፎ ለስብሰባ አቀረበ። ጉዞው ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው ቅዳሜ እንዲሆን፣ መድረሻውም ኩልፎ ጫሞ ሐይቅ የሚገባበት ቦታ እንዲሆን ሐሳብ ሰጠ። ወቅቱን የመረጠው ምድሩ ሁሉ አረንጓዴ ስለሚሆንና የዓመቱም ትምህርት ገና ስላልከበደ ነበር። አባላቱ በጭብጨባ ተቀበሉት። የክበቡ ኃላፊ መምህር ግን፣ «ከመወሰናችን በፊት ወንዙን ከሚያውቅ ሰው እንጠይቅ፤ ከመካከላችሁ በደኑ ውስጥ ተመላልሶ የሚያውቅ አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። የክበቡ ጸሐፊ የሆነችው ተማሪ አንገቷን ደፍታ ቆየችና፣ «እናቴ ታውቀዋለች» አለች። እናቷ ቀደም ባሉት ዓመታት ከደኑ ጭራሮ እየለቀሙ፣ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ በማውጣትና በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ነበሩ። ያን ሥራ ከተዉ በኋላ በገበያ ሙዝ እየሸጡ ይተዳደራሉ። ልጅቱ ይህን ለጓደኞቿ ተናግራ አታውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ እናቲቱ ተጋብዘው መጡ። አማርኛ የሚናገሩት በመጠኑ ስለነበረ በጋሞኛ እየተናገሩ ልጃቸው ተረጎመች። ሊቀ መንበሩ የጉዞውን ቀን ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰማዩን ስታዩ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ብቻ አትዩ» አሉ። «ኩልፎ የሚጠጣው እዚህ የሚዘንበውን አይደለም፤ የተራራውን ነው። እኛ በፀሐይ ስንቃጠል ተራራው ላይ ይዘንባል። ከመስቀል በኋላ ደግሞ ዝናቡ ገና አልወጣም። ወንዙ ሊሞላ ሲል በመጀመሪያ ቅጠልና ጭራሮ ያመጣል፤ ቀጥሎ መልኩ ይቀላል፤ ድምፁ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ልጆቼ፣ ቅጠሉን ስታዩ ከውኃው ውጡ፤ ድምፁን አትጠብቁ። እኔ ድምፁን ጠብቄ ሸክሜን ጥዬ ያመለጥሁበት ቀን አለ።»

የተርጓሚዋ ድምፅ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ዝቅ አለ። ይህን ነገር እርሷም ከዚያ በፊት አልሰማችም ነበር።

መምህሩም የእናቲቱን ቃል ከጂኦግራፊ ትምህርት ጋር አገናኝተው አብራሩ። በአርባ ምንጭና በአካባቢው ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል። አንደኛው በሚያዝያና በግንቦት ሲሆን፣ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከተራራ የሚወርድ ወንዝ ተዳፋቱ ቀጥ ያለ በመሆኑ በላዩ ላይ የዘነበው ውኃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከግርጌው ይደርሳል። ስለዚህም በወንዝ ዳር የሚደረግ ጉዞ የሚታቀደው ከሚረገጠው ዳርቻ ሳይሆን ከወንዙ መነሻ ጀምሮ ነው። ክበቡም በዚሁ መሠረት የጉዞውን ቀን ደረቅ ወደሆነው ወር አዛውሮ ከጥምቀት በዓል በኋላ ባለው ቅዳሜ እንዲሆን አደረገ። ይሁን እንጂ ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብ ስላለ፣ በጉዞው ዋዜማና ማለዳ የተራራው ሰማይ እንዲታይ፣ ደመና የከበደበት እንደ ሆነ ጉዞው እንዲተላለፍ ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ የመድረሻው ጉዳይ ተነሣ። ሊቀ መንበሩና ሁለት አባላት ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሄደው ነበር። በዚያም ያነጋገሯቸው የፓርኩ ጠባቂ ስለ ወንዙ አፍ አስጠነቀቋቸው። በጫሞ ሐይቅ ዳርቻ ትልልቅ አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት፣ «የአዞ ገበያ» የሚባል ስፍራ አለ፤ ይህም የሚጎበኘው በጀልባ ነው። አዞ ከውኃው ጠርዝ ተደብቆ የሚጠብቅ እንስሳ ስለሆነ ውኃ ለመቅዳት ወይም ለመታጠብ ጎንበስ ያለ ሰው በቀላሉ ይያዛል። ጉማሬ ደግሞ ቀን በውኃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል፤ በእርሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰው ካገኘ ፈጥኖ ያጠቃል። በመሆኑም መድረሻው የወንዙ አፍ መሆኑ ቀርቶ፣ ከዚያ በፊት የምትገኝና ሐይቁ ከሩቅ የሚታይባት አንዲት ጉብታ እንድትሆን ተስማሙ። ሊቀ መንበሩ በዚህ ለውጥ ብዙም አልተደሰተም፤ ቢሆንም ፈረመ።

ቀጥሎ የርቀትና የሰዓት ስሌት ተሠራ። አባላቱ የተጠቀሙበት ካርታ መስፈርቱ 1፡50,000 ነበር፤ ይኸውም በካርታው ላይ ያለው 2 ሴንቲ ሜትር በምድር ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። አንድ ተማሪ ማስመሪያ ከመነሻው እስከ ጉብታዋ ዘርግቶ ለካና 7 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 3 ኪሎ ሜትር ተኩል አገኘ። ነገር ግን ወንዝ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ጸሐፊዋ የልብስ ስፌት ክር አምጥታ በወንዙ ጥምዝ ላይ እየተከተለች አስተኛችው፤ ክሩም በማስመሪያው ሲለካ 10 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ስለዚህ እውነተኛው መንገድ 5 ኪሎ ሜትር፣ ደርሶ መልሱም 10 ኪሎ ሜትር መሆኑ ታወቀ።

አንድ ጤነኛ ሰው በሜዳ ላይ በሰዓት 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በደን ውስጥ ግን ሥሩ፣ ሐረጉና ጭቃው ያዘገያል። ከዚህም በላይ የአንድ ቡድን ፍጥነት የሚለካው በፈጣኑ ሳይሆን በዘገምተኛው አባል ርምጃ ነው። ይህን ሁሉ ገምተው በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ወሰኑና የሚከተለውን የሰዓት ሰሌዳ አዘጋጁ።

ጥዋት 1፡00 — ከደኑ ዳር መነሣት
ጥዋት 4፡00 — ጉብታዋ ላይ መድረስ (የግማሽ ሰዓት ዕረፍት ተጨምሮ)
ጥዋት 4፡30 — መመለስ
ከቀኑ 7፡30 — ከደኑ መውጣት

በሰሌዳው ግርጌ፣ የዕቅዱ ስድስተኛ አንቀጽ ሆኖ የሚከተለው ተጻፈ፦ «ቡድኑ የትም ቦታ ይሁን የት፣ 4፡30 ሲሆን ፊቱን ወደ ኋላ ይመልሳል።» ይህ አንቀጽ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ከአባላቱ አንዱ፣ «ለመድረስ ጥቂት ቢቀረንስ?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩም፣ «ይህን ዛሬ በወንበር ላይ ተቀምጠን የምንወስነው ለዚሁ ነው፤ በዚያን ሰዓት የሚወስነው ጉጉታችን ይሆናል» ሲሉ መለሱለት።

ስለ ስንቅና ስለ ጤና የተደረገው ዝግጅት ብዙ ጊዜ አልወሰደም። በቆላ ሙቀት የሚጓዝ ሰው በላብ ብዙ ውኃ ስለሚያጣ፣ እያንዳንዱ አባል 3 ሊትር የተጣራ ውኃ እንዲይዝ ታዘዘ። ምግቡም ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ ሆነ፤ ልጣጭም ሆነ ላስቲክ በደኑ ውስጥ እንዳይጣል ተከለከለ። በመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ውስጥ ፋሻ፣ ጥጥ፣ የቁስል ማጠቢያና ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተካተቱ። አካባቢው ወባማ ስለሆነ ሁሉም እጅጌው የረዘመ ልብስ እንዲለብስ፣ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታትም ትኩሳት የተሰማው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ተነገረው። አባላቱ ስድስት ስድስት እየሆኑ በአራት ቡድን ተከፈሉ። የዕቅዱ አንድ ግልባጭ በትምህርት ቤቱ ለሚቀሩት ምክትል ርእሰ መምህር ተሰጠ፤ ተጓዦቹ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ካልተመለሱ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት እንዲያስታውቁ ነበር።

ከጸሐፊዋ በኩል አንድ ተጨማሪ ሐሳብ ቀረበ፤ እያንዳንዱ ቡድን የሚያየውን የሚጽፍበት ደብተር ይያዝ የሚል ነበር። መምህሩም ሐሳቡን ለመደገፍ በዚሁ ፓርክ የሆነውን ነገር አወሱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች በነጭ ሣር ሜዳ መንገድ ላይ የአንዲት የሞተች ወፍ ቅሪት አገኙ። ከወፊቱ ለጥናት የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉ ከሌሎች ወፎች ክንፍ ጋር እየተነጻጸረ ከተመረመረ በኋላ፣ ቀድሞ በሳይንስ ያልታወቀች፣ በሌሊት የምትበር ወፍ መሆኗ ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ ሆነ። «ተመራማሪዎቹ ክንፉን ንቀው ቢያልፉት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታወቀ ነበር» አሉ መምህሩ።

የጉዞው ቀን ደረሰ። በዋዜማውም ሆነ በማለዳው የተራራው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። መሣሪያ የያዙት የፓርኩ ጠባቂ ከፊት፣ መምህሩ ከኋላ ሆነው ልክ በ1 ሰዓት ተነሡ። ደኑ ውስጥ እንደ ገቡ የውጭው ሙቀት በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። የሾላዎቹ ቅጠል ፀሐይን ጋርዶ፣ ብርሃኑ በመሬት ላይ እንደ ሳንቲም ተበትኖ ይታይ ነበር። በግራ በኩል ኩልፎ አንዳንዴ እየታየ አንዳንዴ እየተሰወረ ድምፁን ያሰማል። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ የጉሬዛ መንጋ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ታየ። ጥቁርና ነጭ ጠጉራቸው በአየር ላይ እየተዘረጋ ሲያልፍ ያየ ሁሉ ከቆመበት አልነቃነቅ አለ። ለዚህ ዕይታ 40 ደቂቃ ጠፋ፤ ማንም ግን አልተጸጸተም።

4፡30 ሲሆን ጉብታዋ ገና 1 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርታ ነበር። ሊቀ መንበሩ ቆመ። «አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የቀረን!» አለ። ብዙዎቹ በሐሳቡ ተስማሙ። ሐይቁን ሳያዩ መመለስ ለሁሉም ከበዳቸው። መምህሩ አልተቆጡም፤ ወደ ጸሐፊዋ ዞር ብለው ስድስተኛውን አንቀጽ እንድታነብ ጠየቋት። ልጅቱ ወረቀቱን ከደብተሯ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ገና ሳትጨርስ ሊቀ መንበሩ፣ «ይበቃል፤ የፈረምሁበት ነው» አለና ፊቱን አዞረ። ሌሎቹም ተከተሉት።

በመመለሻው አጋማሽ ላይ ከአባላቱ አንዱ የዛፍ ሥር አደናቅፎት ወደቀና ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለው። እግሩ በፋሻ ታሰረ፤ መራመድ ስላልቻለም ጓደኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በትከሻቸው ደግፈው ይወስዱት ጀመር። ከሁሉ ይበልጥ የደገፈው ሊቀ መንበሩ ነበር። መንገዱ እጅግ ዘገየ። በሰሌዳው መሠረት በ7፡30 መውጣት ሲገባቸው ከደኑ የወጡት በ9፡20 ሆነ። ከመለያየታቸው በፊት የፓርኩ ጠባቂ በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዷቸው። ወደ ጉብታዋ ቀጥለው ቢሆን ኖሮ ለመሄድ፣ ለማየትና ለመመለስ ሁለት ሰዓት ያህል በጨመረባቸው ነበር። ያን ጊዜ የተጎዳውን ልጅ ይዘው ከደኑ የሚወጡት ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ጉማሬ ከውኃ ሊወጣ በተቃረበበት፣ የወባ ትንኝም በምትነሣበት ሰዓት ይሆን ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ክበቡ ተሰብስቦ የጉዞውን ዘገባ አጸደቀ። በዘገባው ውስጥ የዕቅዱ ስሕተቶች ሳይደበቁ ተጻፉ። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር የሚለው ግምት ትክክል አልነበረም፤ ለዕይታ የሚሆን ጊዜ አልተመደበም፤ በእጅ የሚያዝ ምርኩዝ መያዝ ተረስቶ ነበር። እናቲቱ የተናገሯቸው ሦስቱ የሙላት ምልክቶች ለሚቀጥለው ዓመት በተዘጋጀው ዕቅድ ላይ የመጀመሪያው አንቀጽ ሆነው ሰፈሩ። ጸሐፊዋ ዘገባውን ወደ ቤቷ ወስዳ በጋሞኛ እየተረጎመች ለእናቷ አነበበችላቸው። እናቲቱም እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ሁሉም ተመለሱ?»

«ሁሉም ተመልሰዋል» አለች ልጅቱ።

«እንግዲያስ ሐይቁ የትም አይሄድባችሁ» አሉ።

ሐ. የቃላት ፍች

ተዳፋት፦ ዘቅዘቅ ያለ መሬት፣ ቁልቁለት
ደለል፦ ወንዝ ጠርጎ የሚያመጣውና የሚያስቀምጠው አፈር
ከርሰ ምድር፦ የመሬት ውስጥ፣ ሆደ ምድር
ልምላሜ፦ የዕፀዋት አረንጓዴነትና ማማር
ጭራሮ፦ ለማገዶ የሚሆን ቀጭን ደረቅ እንጨት
መስፈርት፦ በካርታ ላይ ያለ ርቀት በምድር ላይ ካለው ጋር የሚነጻጸርበት ልክ
ጉብታ፦ ከአካባቢው ከፍ ያለ ትንሽ ኮረብታ
ግልባጭ፦ ከዋናው ጽሑፍ የተቀዳ ሁለተኛ ቅጂ
ወለም አለ፦ መጋጠሚያው ከቦታው ዞር አለ፣ ተጣመመ
ምርኩዝ፦ ሲሄዱ የሚደገፉት ዘንግ

መ. መልመጃ 1

ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. ዙሪያው ደረቅ ሆኖ ሳለ በኩልፎ ዳር ትልልቅ ዛፎች ሊበቅሉ የቻሉት ለምንድን ነው?
2. የጉዞው ቀን ከመስከረም ወደ ጥር የተዛወረበትን ምክንያት አስረዱ።
3. ወንዝ ሊሞላ ሲል የሚታዩትን ሦስት ምልክቶች በቅደም ተከተል ጻፉ። እናቲቱ «ድምፁን አትጠብቁ» ያሉት ለምንድን ነው?
4. በማስመሪያ የተለካው ርቀትና በክር የተለካው ርቀት ለምን ተለያዩ?
5. ስድስተኛው አንቀጽ ባይጻፍ ኖሮ ምን ሊደርስ ይችል ነበር?
6. ጸሐፊዋ ስለ እናቷ ለመናገር ያመነታችው ለምን ይመስላችኋል? በመጨረሻስ ምን ተለወጠ?

ሠ. መልመጃ 2

የሚከተለውን ምሳሌ ተመልከቱ።

ምሳሌ፦ ተማሪዎቹ ተመለሱ፤ ስለዚህ አላመሹም።
ተማሪዎቹ ባይመለሱ ኖሮ ባመሹ ነበር።

ከዚህ በታች ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች በምሳሌው መሠረት «ባይ... ኖሮ» በሚለው ሐረግ እየተጠቀማችሁ ለውጡ።

1. እናቲቱን ጠየቁ፤ ስለዚህ የወንዙን ጠባይ ዐወቁ።
2. ፋሻ ይዘው ነበር፤ ስለዚህ የልጁን እግር አሰሩ።
3. ተመራማሪዎቹ ክንፉን አነሡ፤ ስለዚህ ወፊቱ ታወቀች።
4. ጸሐፊዋ ክር አመጣች፤ ስለዚህ እውነተኛው ርቀት ተገኘ።

ረ. መልመጃ 3

በቡድን ሆናችሁ በአካባቢያችሁ ወደሚገኝ ወንዝ፣ ደን ወይም ተራራ የሚደረግ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ዕቅድ አውጡ። በዕቅዱ ውስጥ የሚከተሉት እንዲካተቱ አድርጉ፦ የጉዞው ዓላማ፣ ወቅቱና ቀኑ፣ ርቀቱና የሰዓት ሰሌዳው፣ የሚያዘው ስንቅና መሣሪያ፣ ሊያጋጥሙ የሚችሉ አደጋዎችና መከላከያቸው፣ የመመለሻ ሰዓት። ዕቅዱን ከመጻፋችሁ በፊት ስፍራውን ለረጅም ጊዜ የሚያውቁ አንድ ታላቅ ሰው ጠይቃችሁ የነገሯችሁን መዝግቡ። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ የሚናገሩት በሌላ ቋንቋ እንደ ሆነ ንግግራቸውን ወደ አማርኛ ተርጉማችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ።